በፒክ አፕ መኪና ላይ የተሳቢ መጎተቻ ስለ ማስገጠም

በልደታና በአካባቢዋ ሱቅ ከፍተው ዕቃቸውን ከመርካቶ እያነሡ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ሳር ቤት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በአንዲት ፒክ አፕ መኪና ነው። ሥራ በበዛ ጊዜ ለጋራዥ ባለሙያ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም ከመኪናዪቱ ኋላ መጎተቻ ቢገጠምላትና ተሳቢ ብትስብ በአንድ ምልልስ የሁለት ምልልስ ዕቃ አታመጣም ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለተኛ መኪና ከመግዛትና ሁለተኛ ሾፌር ከመቅጠር ይልቅ አንድ ተሳቢ መግዛት በወጪ በኩል እጅግ የቀለለ ስለሚመስል፣ ሒሳቡን የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ሳያስበው አይቀርም።

መልሱ ግን የሚገኘው ከጋራዡ በፊት ከሚዛኑ ዘንድ ነው። መጎተቻ ለመኪና አዲስ ጉልበት አይጨምርላትም። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ባሌስትራውና ጎማው የነበሩት ናቸው፤ ሸክሙ ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የነጋዴው ዕቃ ክብደት የሚበዛበት ነው ወይስ ስፋት የሚበዛበት ነው የሚለው ነገር ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ነጋዴ ገንዘቡን ያወጣል፤ ትርፉን ግን አያገኘውም።

በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጡት የቅርብ ዘመን ቶዮታ ሃይሉክስና ኢሱዙ ዲማክስ፣ በአራቱም ጎማ ለሚነዱት፣ ፋብሪካዎቹ የፈቀዱት ክብደት የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ ሲሆን፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ግን 750 ኪሎ ብቻ ነው። የቆዩት መኪናዎችና በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱት ከዚህ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል የየመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ግዴታ ነው። በከተማችን ብረት ሥራ ቤቶች የሚሠሩት ትንንሽ ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ ፍሬን የላቸውም። እንግዲህ ተሳቢው ባዶውን 200 ኪሎ ቢመዝን ለዕቃው የሚቀረው 550 ኪሎ ነው፤ ይህም አምስት ኩንታል ተኩል፣ በሲሚንቶ ሲቆጠር 11 ከረጢት ማለት ነው። ለ11 ከረጢት ሲሚንቶ ሲባል መጎተቻ ማስገጠም፣ ተሳቢ መግዛት፣ ሰሌዳ ማውጣትና በመርካቶ ጠባብ መንገድ ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ አያዋጣም። ሲሚንቶ፣ የግንባታ ብረትና ዘይት የሚነግድ ሰው ምልልስ ቢጨምር ወይም የጭነት መኪና ቢከራይ ይሻለዋል ብለን በግልጽ እንናገራለን።

ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ባዶ ሣጥን፣ የእንጨት ወንበርና እነዚህን የመሳሰለ ዕቃ ለሚነግድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የስፖንጅ ፍራሽ 9 ኪሎ ቢመዝን 20 ፍራሽ 180 ኪሎ ብቻ ነው፤ ካሶኒውን ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይተርፋል። እንዲህ ላለው ነጋዴ ተሳቢ በእውነት የአንድ መኪና ሥራ ይሠራለታል፤ ፍሬን የሌለውም ቢሆን ከተፈቀደው ክብደት ሳያልፍ ያገለግለዋል። ትምህርታችን ከዚህ በኋላ የሚመለከተው ይልቁንም ይህን ነጋዴ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአገራችን ተሳቢ ሲባል በሁሉም ዐይን ፊት የሚመጣው በጅቡቲ መንገድ ላይ ከከባድ ካሚዮን ኋላ የሚሄደው ነው። አዛውንቶቹ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 ከተሳቢው ጋር ዳገቱን ሲወጣ ያላየ ጎልማሳ ጥቂት ነው። (በነገራችን ላይ ኤንትሬ ማለት በጣሊያንኛ ኤን ሦስት ማለት ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎም ሳይቀር ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጋራዡ ጋንቾ ቢልዎት መጎተቻውን ማለቱ ነው።) ያ ከባድ ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ ስላለው ክብደቱን በሙሉ ራሱ ይሸከማል፤ ካሚዮኑን የሚጠይቀው መጎተትን ብቻ ነው። በፒክ አፕ የሚጎተተው ትንሽ ተሳቢ ግን በመካከሉ አንድ አክስል ብቻ ያለው በመሆኑ ከክብደቱ አንዱን ክፍል በመጎተቻው ላይ ይጭናል። ስለዚህ የካሚዮን ልምድ ያለው ሾፌር ወይም ብረት ሠሪ የፒክ አፑን መጎተቻ በካሚዮኑ ዐይን አይቶ ቢሠራው ይሳሳታል።

በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 ያህል ነው እንበል። ለ750 ኪሎ ተሳቢ 75 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህ 75 ኪሎ የሚያርፈው ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ከ20 ያህል ወደ ኋላ ርቆ ስለሆነ እንደ ዘንግ ሚዛን ይሠራል፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ከ10 ያህል ርቀት ባላት መኪና ከፊት ጎማዎቹ ላይ 29 ኪሎ አንሥቶ ለኋላው ይሰጣል። እንግዲህ የኋላ አክስሉ የሚቀበለው 104 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት በካሶኒው ውስጥ ከሚጫነው ላይ መቀነስ ይገባዋል፤ በካሶኒው ሙሉ ጭኖ በላዩ ተሳቢ የሚያስር ሰው ባሌስትራውን ከማድከሙም በላይ መሪው እየቀለለ ይሄድበታል።

ይህን ፈርቶ ክብደቱን ሁሉ ወደ ተሳቢው ኋላ መግፋት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ከአክስሉ በስተኋላ የተጫነ ተሳቢ መጎተቻውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜውም መኪናዪቱን ጭምር ይዞ ሊጥላት ይችላል። አሜሪካኖቹ እንደሚመክሩት ከዕቃው ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ ከአክስሉ በስተፊት ቢጫን መልካም ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ እንምጣ። ፒክ አፕ መኪና ከሥሯ ሲታይ ሁለት ረጃጅም የብረት አካላት ከፊት እስከ ኋላ ይሄዱባታል፤ ሻንሲ የሚባለው ይህ ነው፤ ጋቢናውም ካሶኒውም በላዩ የተቀመጡ ናቸው። መጎተቻ መታሰር ያለበት ከዚህ ከሻንሲው ጋር ብቻ ነው። ከኋላ ፓራውልት ጋር የታሰረ መጎተቻ ፓራውልቱ በራሱ ከፋብሪካው ለመጎተት ተብሎ የተሠራና የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ካልሆነ በቀር መጎተቻ ሊባል አይገባውም። ፓራውልት ከቀጭን ላሜራ የሚሠራ፣ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ የታሰበ ነገር ነው። ከካሶኒው ወለል ጋር ማሰርም እንዲሁ ነው።

ባለሙያው በመጀመሪያ መጎተቻውን ሳያጠብቅ በክሪክ አንሥቶ በቦታው ይለካዋል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይመረመራል። የመጀመሪያው ትርፍ ጎማው ነው። በብዙዎቹ ፒክ አፖች ትርፍ ጎማው ከካሶኒው ሥር ስለሚንጠለጠል፣ መጎተቻው ተገጥሞ ጎማው ከቦታው ሊወርድ የማይችል ከሆነ ባለ ንብረቱ ይህን የሚያውቀው ጎማው በፈነዳ ቀን ነው። ሁለተኛው ማርሚታውና የጭስ መውጫው ቱቦ ከመጎተቻው ጋር አለመነካካታቸው ነው። ሦስተኛው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው፤ መኪናዪቱ ተጭና በቆመች ጊዜ የተሳቢው ወለል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል መቆም አለበት። በአውሮፓ ለመንገድ መኪናዎች የሉሉ መካከል ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ለኮረኮንች መንገድ የተሠሩት ከፍ ያሉ መኪናዎች ግን በዚህ አይገደዱም፤ ለእነርሱ ተሳቢውን በቁመታቸው ልክ ማሠራት ይሻላል።

አብዛኞቹ ሻንሲዎች ከፋብሪካ የተበሱ ቀዳዳዎች አሏቸው። መጎተቻው ለመኪናዪቱ ዐይነትና ለስሪት ዘመንዋ የተሠራ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፤ ትራፓኖ አያስፈልግም። መብሳት የግድ ቢሆን ከሻንሲው ጎን መካከል ላይ እንጂ ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ ላይ መብሳት አይገባም፤ ሸክሙን በይበልጥ የሚችሉት እነዚህ ሁለት ጠርዞች ናቸውና። የተበሳው ቀዳዳ ወዲያው የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ሻንሲው እንደ ሣጥን የተዘጋ ከሆነና ቡሎኑ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ከሆነ በውስጡ የቱቦ መደገፊያ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ቡሎኑ ሲጠብቅ የሻንሲው ግድግዳ ይጨማደዳል፤ ቡሎኑም የጠበቀ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም። እንዲሁም ብረትና ብረት በሚገናኙበት ፊት ላይ ያለው ወፍራም የሬንጅ ቅባት ይፋቅ፤ ሬንጁ ከጊዜ በኋላ እየሳሳ ሲሄድ መጋጠሚያው ይላላል።

ብየዳን በሚመለከት የሚነሣው ክርክር ብዙ ነው። ብየዳ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ብዙ ጋራዥ መጎተቻውን በቀጥታ ከሻንሲው ጋር በይዶ ይሰጣል። የሻንሲ ብረት በፋብሪካ የተሰጠው ጥንካሬ በብየዳው እሳት ዙሪያ ይለወጣል፤ ጭነት እየጨመረ እየቀነሰ፣ መንገዱ እያነጠረው፣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ የመጎተቻው አካል ራሱ በብረት ሥራ ቤት ቢበየድ፣ ከሻንሲው ጋር ግን በቡሎን ቢታሰር የተሻለ ነው። ምንም ዐይነት ብየዳ በመኪናዪቱ ላይ የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ ያለዚያ የዘመኑ መኪናዎች የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ቡሎን ሲገዛ ከራሱ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ። ለዚህ ሥራ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ያስፈልጋል፤ ቁጥር የሌለው ቡሎን ለበር ማጠፊያ ይሁን። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 8.8 ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ወደ 80 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም 40 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ በ20 ኪሎ ክብደት እንደ መጫን ነው። ከመጎተቻው ጋር ከፋብሪካ የመጣ ወረቀት ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ወረቀቱ ለሚያዘው ልክ ነው። በተግባረ እድና በመሰሎቹ ትምህርት ቤቶች የሠለጠነ ባለሙያ የመጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ መጠቀም ያውቃል፤ መሣሪያው በጋራዡ መኖሩን ደንበኛው ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ለአስመጪዎች ሁለት ቃል እንጨምር። መጎተቻ ሲታዘዝ የሉሉ ልክ መታወቅ አለበት። በአውሮፓ ልኩ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ግን 1 ኢንች ከ7/8፣ 2 ኢንች፣ 2 ኢንች ከ5/16 የሚባሉ ሦስት የታወቁ ልኮች አሉ። ሁለት ኢንች ማለት 50.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአውሮፓው ጋር በዐይን አይለይም፤ አደጋውም በዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ቆብ ባለው ተሳቢ ላይ የአውሮፓ ሉል ቢገባ የገጠመ ይመስላል፤ በተበላ ጊዜ ግን መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ሉልና ቆብ ከአንድ ልክ፣ ቢቻልም ከአንድ ሻጭ ይመጡ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሉል ተበልቶ 49 የደረሰ እንደሆነ ይለወጣል።

በአውሮፓው ሕግ የተፈተነ መጎተቻ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይለጠፍበታል፤ በሰሌዳውም ላይ ዲ እና ኤስ የሚሉ ፊደሎች ይገኛሉ። ኤስ በሉሉ ላይ ሊያርፍ የሚችለው ክብደት በኪሎ ነው። ዲ የሚባለው ደግሞ የመጎተቱ ኃይል በኪሎ ኒውተን ሲሆን የሚሰላው እንዲህ ነው፤ የመኪናው ሙሉ ክብደት በቶን ከተሳቢው ሙሉ ክብደት ጋር ይባዛል፣ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል፣ በ9.81 ይባዛል። ለምሳሌ መኪናው 3 ቶን፣ ተሳቢው 1.5 ቶን ቢሆን ብዜቱ 4.5፣ ድምሩም 4.5 ስለሆነ ውጤቱ 9.81 ኪሎ ኒውተን ነው። ሰሌዳው ከዚህ ያነሰ ቁጥር ካለው መጎተቻው ለዚህ ተሳቢ አይሆንም። ሰሌዳ የሌለው መጎተቻ ደግሞ ምን እንደሚችል ሻጩም ገዢውም አያውቁትም። በጉምሩክ በኩል የመኪና መለዋወጫ በ87.08፣ ተሳቢውና የተሳቢው ክፍሎች በ87.16 ስለሚመደቡ ሁለቱን በአንድ መሥመር ጽፎ ማቅረብ ጭቅጭቅ ያመጣል።

የኤሌክትሪኩ ሥራ ቀላል ቢመስልም ብዙ የሚበላሸው እርሱ ነው። የአውሮፓው ባለ ሰባት እግር ስፒና ቀለሞቹ የታወቁ ናቸው፤ ቢጫው ለግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ለቀኝ ፍሬቻ፣ ነጩ ለማሳ፣ ቀዩ ለፍሬን መብራት፣ ቡኒው ለቀኝ የኋላ መብራት፣ ጥቁሩ ለግራ የኋላ መብራት፣ ሰማያዊው ለጉም መብራት ነው። የተሳቢው መብራቶች ሁሉ ደንግዘው የታዩ እንደሆነ ነጩ የማሳ ገመድ ይፈተሽ፤ ወይም አምፖሎቹ ከካሚዮን ዕቃ መሸጫ የተገዙ ባለ 24 ቮልት ይሆናሉ፤ ፒክ አፕ ግን 12 ቮልት ነው።

ከ750 ኪሎ በላይ ለሚጎትት የተሳቢው የራሱ ፍሬን የማይታለፍ ነገር ነው፤ በአውሮፓም ሕጉ ከዚህ ክብደት በላይ ያለ ፍሬን አይፈቅድም። ምክንያቱን በአገራችን መንገድ እንየው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ቶን ክብደት 1,000 ሜትር ሲወርድ ፍሬን ሊውጠው የሚገባው ሙቀት 33 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። 3 ቶን የምትመዝን የተጫነች ፒክ አፕ ብቻዋን የ100 ሊትር ያህል ሙቀት አለባት። አንድ ቶን ተሳቢ ያለ ፍሬን ከኋላዋ ቢታሰር ተጨማሪው 33 ሊትር የሚወድቀው በዚያው በመኪናዪቱ ፍሬን ላይ ነው። በእርግጥ ከባድ ማርሽ አስገብቶ የሚወርድ ሾፌር ከዚህ ብዙውን በሞተሩ ይይዘዋል፤ በነጻ ማርሽ የሚወርድ ግን ድልድዩ ሳይደርስ ፍሬኑ ይከዳዋል። ዳገቱም የራሱ ችግር አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 20 በላይ ያጣል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 2 እንዲቀነስ የሚመክሩት ስለዚህ ነው፤ በእኛ ከተማ ይህ ከመቶ 15 ያህል ይሆናል።

ተሳቢው ከመጎተቻው በተጨማሪ በሁለት ሰንሰለት ይታሰር፤ ሰንሰለቶቹም ከመሳቢያው ዘንግ በታች ይጠላለፉ። ቆቡ ቢወልቅ ዘንጉ በተጠላለፈው ሰንሰለት ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት ላይ አይተከልም። በልደታ በኩል በባቡሩ መሥመር ግራና ቀኝ ሰው በብዛት በእግሩ ስለሚመላለስ፣ የወለቀ ተሳቢ ማንን እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

የወረቀቱም ነገር አይዘንጋ። መጎተቻ በመኪና ላይ የሚደረግ ለውጥ ስለሆነ ሥራው ሳይጀመር ሊብሬው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ቀርቦ መጠየቅ ይገባል፤ ኋላ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ከመከራከር ያድናል። ተሳቢውም የራሱ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ባለ ንብረቱ ግን መኪናው ተሳቢ እንደሚጎትት ለመድን ኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቅ፣ የተሳቢውም ዕቃ በውሉ ይሸፈን እንደሆነ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ሥራው ተፈጽሞ መኪናዪቱ ከጋራዥ ስትወጣ የመጀመሪያው ጉዞ ባዶ ተሳቢ ይዞ፣ ቀጥሎም በግማሽ ጭነት ቢሆን ይመረጣል። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጎተተ በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና በዚያው ልክ ይጥበቁ፤ በሉሉ ላይ ቅባት ይጨመር፤ ከሻንሲው ጋር በተጋጠመበት ዙሪያ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት የወጣበት ቦታ ቢኖር ብረቱ መንቀሳቀስ ጀምሯልና ተሳቢው ተፈትቶ መኪናዪቱ ወደ ጋራዡ ትመለስ።